በሰም የደፈንሁት ጽዋ

ፊደል የቆጠርሁት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከየኔታ እግር ሥር፣ ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ዳዊት ሳልደግም አባቴ ለእርሻ መለሰኝ። ስለዚህ ፊደል ብስት አንባቢ ይለፈኝ። ነገሩን ግን አልስትም፤ ስድሳ ዓመት ያህል በሆዴ ስመላልሰው ኖሬያለሁ። ነገሩ አንድ ትንሽ የእንጨት ጽዋ ነው። በእጄ ሠራሁት፣ በአፌ ካድሁት።

አገሬ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ነው፤ አሁን እንጅባራ የሚሉት። በሃምሳዎቹ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ትዳር የያዝሁ፣ ገብስና ድንች የማርስ ጎልማሳ ነበርሁ። አንድ በጋ የመንገድ ሥራ ካምፕ ገብቼ ድንጋይ ተሸከምሁ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ የሚሉት መኪና አለ። ብረቱ ይሽከረከራል፣ ሰውዬው ስለቱን ያስጠጋል፣ ብረት እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ምሳዬን ትቼ እሱን ሳይ እውል ነበር። ባለ ቶርኖው ከአሥመራ የመጣ ሽማግሌ ነው። ሥራ ሲቀልለት ቁራጭ እንጨት አስሮ ለሚስቱ እንዝርት ይሠራል። አንድ ቀን ስለቱን አስያዘኝ። ከዚያ ወዲያ አልዳንሁም።

ቤቴ ተመልሼ የራሴን ሠራሁ። ሁለት ባላ ተከልሁ፣ በመካከላቸው እንጨቱን በሁለት ወፍራም ምስማር ጫፍ ያዝሁት፣ ከላይ ረጅም ቀርከሃ አጋደምሁ። ከቀርከሃው ጫፍ ጠፍር ይወርዳል፣ እንጨቱን አንድ ጊዜ ይጠመጥምና ከታች ከመርገጫው ይታሰራል። ስረግጥ እንጨቱ ወደኔ ይዞራል፤ እግሬን ሳነሣ ቀርከሃው ይስበውና ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚቆርጠው ስረግጥ ብቻ ነው። ቀጥቃጩ ከመኪና ባሌስትራ ጫፉ የታጠፈ መሮ ሠራልኝ። በዚያ ሆዱን እፈለፍላለሁ።

ለመሸጥ አልነበረም። ዝናብ ከእርሻ ሲከለክለኝ ነው የምሠራው፤ ዝናብ ደግሞ በኛ አገር ደግ ነው፣ ሰውን ብዙ ቀን ያስቀምጣል። ዋንጫ፣ የጨው ዕቃ፣ እንዝርት እሠራለሁ፤ ለጎረቤት እሰጣለሁ። ሰው ግን አልወደደልኝም። ርስት ያለው ሰው እጁን ለእንጨት ከሰጠ ባለ እጅ ይሉታል፤ ደግ ቃል አይደለም። በደጄ የሚያልፍ ሁሉ፣ «ምነው፣ በሬው ሞተብህ እንዴ?» ይለኛል። ሚስቴ ደግሞ፣ «ሰው መንገድ ሄዶ ይደክመዋል፤ አንቱ አንድ ቦታ ቆመው ሲረግጡ ውለው ይደክምዎታል» ትላለች። እኔ አትሥራ ሲሉኝ የምሠራ ሰው ነኝ። ይህ ጠባይ ብዙ ቦታ አድኖኛል፤ እዚህ ላይ ግን ገደለኝ።

ከእርሻዬ ድንበር ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ነበር። ከግንዱ ላይ፣ በሰው ቁመት፣ እባጭ ወጥቶበት ነበር፤ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ድብልብል ያለ፣ ቅርፊቱ የተጉረበረበ። የዛፍ እንቅርት እንለዋለን። እንቅርት ያለበትን ዛፍ ሰው አይወደውም፤ ለማገር አይሆን፣ ሲፈልጡት አይፈለጥ። ባለ ቶርኖው ግን ነግሮኝ ነበር። «ቀጥ ያለ እንጨት መልክ የለውም» አለኝ፤ «መልክ ያለው በእባጩ ውስጥ ነው። ግን እርጥቡን አትመነው። ወፍራም አድርገህ ፈልፍለህ፣ ጭድ ውስጥ ቅበረውና ዓመት እርሳው። ከዚያ ነው የምትጨርሰው።» ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በየወሩ በአሥራ ሁለት የምንሰበሰብበት ማኅበር ነበረን። አሥራ ሁለት ቤት ነን። ተራው የደረሰው ዳቦውን ይጋግራል፣ ጠላውን ይጠምቃል፤ ስንበተን ጽዋውን የሚቀጥለው ባለ ተራ ይረከብና እስከ ቀኑ ወር ቤቱ ያቆየዋል። ከአንድ ጽዋ ነው ሁላችንም የምንቀምስ፤ ቂም የያዘ አይቀምስም። የማኅበሩን አለቃ ሙሴ እንለዋለን። ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን የሸክላው ጽዋ ከአንድ አሮጌ ሰው እጅ ወድቆ ተሰበረ። ከዳንግላ ገበያ ሌላ ሸክላ እናስመጣ ተባለ። እኔ ተነሣሁ።

«እኔ ከወይራ እሠራላችኋለሁ» አልሁ። «የማይሰበር።»

ሳቁ። አንዱ፣ «ከኮሶ ብቻ እንዳትሠራው፤ ማኅበሩ ሁሉ ጓሮ ለጓሮ ሲሮጥ ያድራል» አለ። የበለጠ ሳቁ።

ሙሴው፣ «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዓመት ማለት ነበረብኝ። የሳቁት ሰዎች አሉ ፊት ለፊቴ። «ለኅዳር አሥራ ሁለት» አልሁ።

ባለ እጅ እያሉ የዘበቱብኝ ሁሉ በየወሩ ከእጄ ሥራ ላይ ከንፈራቸውን እንዲያሳርፉ ፈለግሁ። እግዚአብሔር የሚያውቀው እውነቱ ይህ ነው። ለማኅበሩ ፍቅር ብዬ አይደለም።

እንቅርቱን በመጋዝ ቆርጬ አወረድሁት። ሲከፈት ውስጡ እንደ ውሃ አዙሪት ዙሪያ ዙሪያውን የዞረ፣ ቢጫና ቡናማ፣ በመካከሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ነበር፤ ብዙ ትንንሽ ዓይን የሚያይ ይመስላል። ለአራት ቀን ረገጥሁ። እርጥብ ስለሆነ መሮው በቅቤ ውስጥ እንዳለፈ ያልፋል፤ ልጣጩ ረጅም ሆኖ እግሬ ላይ ይወርዳል፣ የወይራው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሚስቴ እንኳ ድስቷን ትታ መጥታ አየችው። «ይሄስ መልክ አለው» አለች። በተሰበረ ጠርሙስ ፋቅሁት፣ በሸካራ ቅጠል አሸሁት። ወዝ እንዲይዝ ቅቤ ልቀባው አሰብሁና ተውሁት፤ በጾም ቀን የሚቀመስበት ዕቃ ቅቤ አይነካውም። ኑግ ጨምቄ ቀባሁት። አበራ። በሁለት እጅ የሚታቀፍ፣ ከንፈሩ ስስ የሆነ ጽዋ ነው። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አልሠራሁም።

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጠዋት ሳነሣው ከከንፈሩ ወደ ታች አንድ መስመር ወርዷል። እንደ ጸጉር ቀጭን ነው። በጥፍሬ ስነካው ጥፍሬ ያዘ።

የዚያን ጊዜ ወደ ሙሴው ቤት ሄጄ «እንጨቱ ሸፈተብኝ፣ ለዘንድሮ ሸክላ ይምጣ» ብል አንድ ቀን ይሳቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ። እኔ ግን ሚስቴን የንብ ሰም አቅልጪልኝ አልኋት። የዚያኑ እንጨት ዱቄት ከሰሙ ጋር ለወስሁ፣ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ አሸሁት፣ እንደገና ኑግ ቀባሁት። መስመሩ ጠፋ። እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ሚስቴ፣ «ጽዋ በሰም ይደፈናል?» አለችኝ።

«ጧፉ ሰም አይደለም? ቤተ መቅደስ ይገባ የለም?» አልኋት። መልስ ሞልቶኝ ነበር በዚያ ጊዜ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቄሱ ባረኩት። በኮሶ የቀለደብኝ ሰውዬ ከፍ አድርጎ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየው። «ይሄ ሰው ዝም ብሎ አልረገጠም ለካ» አለ። ያን ቀን ከጠላው ይልቅ ያ ቃል አሰከረኝ። በታኅሣሥም ዞረ፣ ምንም አልሆነ። በታኅሣሥ ግን ጣቴን ሳሳርፍበት ሰሙ ትንሽ ወደ ውስጥ ሰርጎ ነበር። በጋው ሲገባ እንጨቱ እየደረቀ ስንጥቁ እየሰፋ ነው ማለት ነው። የሚቀጥለው ተራ የአበልጄ ነበርና ጽዋውን እሷ ወሰደችው።

አበልጄ ጎረቤቴ ናት። ልጇን እኔ ነኝ ክርስትና ያነሣሁት። ባሏ ሲሞት በእሱ ቦታ ማኅበሩን ገባች። ከእኔ ጋር ስናወራ በአገውኛ ነው፤ የቤታችን ቋንቋ እሱ ነውና። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የባሏ ወንድም፣ እሱም የማኅበራችን ሰው ነው፣ «ወንዝ ዳር ያለውን የድንበር ድንጋይ ወደ እኔ ገፍታለች» እያለ ያስወራባት ነበር። መሬቷ ጥማድ አትሞላም፤ ግን ውሃ ያላት እሷ ብቻ ናት፣ ድንችዋ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሰው ግማሹ ያምነዋል፣ ግማሹ ያምናታል። ሙሴው፣ «ጥር አሥራ ሁለት በእሷ ቤት ሁለቱም ከጽዋ በፊት ይነጋገሩና ቂሙ ይውጣ» ብሎ ቀጥሯቸዋል።

ከጥምቀት ሳምንት በፊት ቤቷ ሄድሁ። ጽዋውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሰቅላዋለች።

«አበልጄ፣ ስጪኝ፤ ወዝ ልጨምርበት» አልኋት።

«ወዝ ምን ሆነ? ያበራ የለም?»

«በጋ ነው፣ ይደርቃል።»

ሰጠችኝ። ቤቴ ወስጄ ሳየው ስንጥቁ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ያን ጊዜም ሁለተኛ ዕድል ነበረኝ። እንደገና ሰም ጠቀጠቅሁበትና በማግስቱ መለስሁላት። «እግዜር ይስጥልኝ አበልጄ» ብላ በሁለት እጅ ተቀበለችኝ።

ጥር አሥራ ሁለት የጥምቀት ማግስት ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ፈረሰኞቹ ሜዳው ላይ ገና አቧራ እያስነሡ፣ እኛ ነጭ እንደለበስን ቤቷ ገባን። ጎዝጉዛ፣ አጥባ፣ አሳምራ ነው የጠበቀችን። ጽዋውን እንደ ደንቡ በግራዋ ቅጠልና በሙቅ ውሃ አጥባዋለች። ሙቅ ውሃ። እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ብሰማውም ያን ቀን ዝም የምል ይመስለኛል።

ቄሱ ባረኩ። ሙሴው፣ «ከጽዋው በፊት ነገር ያለው ይናገር» አለ።

የባሏ ወንድም፣ «እኔ ቂም የለኝም» አለ፤ «ድንጋዩ ግን ወደ እኔ ተራምዷል።»

«ድንጋይ እግር አወጣ?» አለ አንዱ፣ ጥቂት ሰው ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ባለ ተራ ናትና ጽዋውን ሞልታ ይዛ ቆማ ነበር። «ባሌ ባቆመው ድንጋይ ላይ እጄ አላረፈም» አለች። «ድንጋዩን ነክቼው እንደሆነ ይሄ የያዝሁት ጽዋ ይፍረድብኝ።»

ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው የተሰማው። ከዚያ አይበልጥም። ጠላው በክርኗ ወረደ፣ ነጭ ቀሚሷን ከወገቧ እስከ እግሯ አጠበው። ግማሹ ጽዋ በቀኝ እጇ ቀረ፣ ግማሹ ጉዝጓዙ ላይ ወደቀ።

ከዚያ የባሏ ወንድም፣ ድምፁን ሳያሰማ ማለት ይቻላል፣ «ፈረደ» አለ።

ወደኔ ዞረች። እኔ ከበሩ ሦስተኛ ነው የተቀመጥሁት። «አበልጄ» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሙሴው ሚዛን ያለው ሰው ነበር፤ ከማመኑ በፊት ጠየቀ። የወደቀውን ግማሽ አንሥቶ አገላበጠና፣ «እንጨቱ ደህና ነበር?» አለኝ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። በኅዳር ያመሰገነኝ ሰውዬ ያየኛል።

«እንጨቱ ደህና ነበር» አልሁ።

«አልነበረም» ብል ስድስት ፊደል፣ አንድ ቃል ነው። ያልሁት ግን «ደህና ነበር» ነው።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ወንዝ ዳር ወርደው ድንጋዩን ነቅለው የባሏ ወንድም ባሳያቸው ቦታ ተከሉት። እሷም ንስሐ እስክትገባ ከጽዋ ትራቅ ተባለ። በምን ኃጢአት ንስሐ ትግባ? አልገባችም። ማኅበሩንም ተወችው። በገበያ ሴቶቹ «ጽዋ የፈረደባት» ይሏት ጀመር። ሚስቴ ያን ሰሞን ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው፣ «ሰሙን ያቀለጥሁት እኔ ነኝ፤ እኔንም አብረው ኩነኔ ከተቱኝ» አለች። «ሂዱና ይናገሩ።»

«ዝም በይ» አልኋት። ዝም አለች። ሁለታችንም ዝም አልን።

አበልጄን መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ሳምንት ሳይሞላ። በአገውኛ ሰላም አልኋት። በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ዳኛ ፊት እንደሚናገሩት አማርኛ። «ደህና ነዎት?» አለችኝ። ልጇን ያነሣሁላት ሰው፣ አንተ ስትለኝ የኖረች፣ አንቱ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጄ የሚለውን ቃል ከአፏ አልሰማሁም።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። «ለእኔ መንገርህ ደግ ነው፤ ግን የቆሰለው ጀርባ የእኔ አይደለም» አሉኝ። ገባኝ፤ ግን ዓመት አለፈ። ሌላም ዓመት ሊደገም ሆነ። የባሏ ወንድም መሬቱ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለበት፤ ችግኙ ከጉልበት አለፈ። እኔም መርገጫዬን ፈታትቼ ቀርከሃውን ከአጥር ላይ ጣልሁት።

አንድ ቀን ሙሴው ቤቴ መጣ። «ከዳንግላ ያስመጣነው ሸክላም ሊሰበር ነው» አለ። «ሌላ ሥራልን። ያኛው በእንጨቱ ጥፋት አልተሰበረም፤ ውሸት ነው የሰበረው። እጅህ ንጹሕ ነው።»

እጅህ ንጹሕ ነው ያለኝን መሸከም አልቻልሁም። ምሳ እንኳ ሳላቀርብለት ሸኘሁት። ለሥራው ግን እሺ አልሁ፤ ለምን እሺ እንዳልሁ እኔም አላውቅም። መርገጫዬን እንደገና አቆምሁ፤ ከዚያው ወይራ ከፍ ብሎ የነበረ ሌላ እባጭ አወረድሁ፤ ወፍራም አድርጌ ፈልፍዬ ጭድ ውስጥ ቀበርሁት፣ ዓመት ጠበቅሁት። ያኔ ይህን ባደርግ ኖሮ እያልሁ ጭዱን አይ ነበር። ሲደርቅ ጨረስሁት። በውሃ ሞልቼ አሳደርሁት፤ ጠብ አላለም።

በማኅበሩ ቀን ጽዋውን ሙሴው ፊት አስቀመጥሁና ሳልቀመጥ ተናገርሁ። «የፊተኛው እርጥብ ነበር። ከመጀመሪያው ተሰንጥቆ ነበር። በሰም ደፍኜ ነው የሰጠኋችሁ፤ እሷ ቤት ሊመጣ ሲልም ደግሜ ደፍኜዋለሁ። ድንጋዩን ትንካ አትንካ አላውቅም፤ ጽዋው ግን አልፈረደባትም። የሰበርሁት እኔ ነኝ።»

ሙሴው፣ «ጠይቄህ ነበር» አለኝ።

«ጠይቀኸኛል።»

«እንጨቱ ደህና ነበር አልኸኝ።»

«ብያለሁ።»

የባሏ ወንድም ሳቀ። «የወንድሜን ቤት ማን ሲጠብቅ እንደከረመ አሁን ገባኝ» አለ። «ሴት እንዲህ ታናግራለች።»

ተነሣሁበት፤ ያዙኝ። ሙሴው፣ «መሬቱን መልስ» አለው። «ባሕር ዛፌን ማን ይነቅልልኝ? ሰም ነው ያሳተን ካላችሁ፣ በሰሙ ባለቤት ማሳ ካሷት» አለ። ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ ደፍሮ ንቀል ያለው ግን የለም። ከዚያ እንደ ልማዱ ጠላው ተቀዳ። በአዲሱ ጽዋ ቀመሱ። እኔ አልቀመስሁም።

በማግስቱ ቤቷ ሄድሁ። ቀርከሃ እየሰነጠቀች አጥር ታጥር ነበር። እጇን ከሥራዋ አላነሣችም።

«ተናገርሁ» አልኋት።

«ሰምቻለሁ።»

«መሬቱን አልመልስም አለ። ከእኔ ርስት ጥማድ ልስጥሽ።»

ያኔ ቀና አለች። «እሱ ማኅበር ላይ የተናገረውን፣ ሰው ሁሉ እውነት ነው እንዲል ነው? ስለ እኔ ማሰብ የጀመሩት ዛሬ ነው መሰለኝ፤ እሱንም በግማሹ።»

ልክ ነበረች፤ አላሰብሁትም።

«ያኔ ጽዋውን ሲመልሱልኝ ሰም ሰም ይል ነበር» አለች። «አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ። የሚያደርጉትን ያውቃሉ ብዬ ተውሁት።»

«ታዲያ ለምን ያን ቀን አልተናገርሽም?»

«የተከሰስሁት እኔ ነኝ። ሰም አለው ብል፣ አሁን ደግሞ በእንጨቱ ታሳብባለች ይሉኛል። የሚታመኑት አንቱ ነበሩ። ፊትዎን ሳይ የቆየሁት ለምን መሰለዎት?» ቀርከሃውን ሰነጠቀች። «አሁንም አንድ ነገር ነው የምፈልግ። ማኅበር ላይ የተናገሩት ለአሥር ሰው ነው። እኔን ውሸታም ያለኝ ግን አገሩ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ከዋርካው ሥር ቆመው ይናገሩ።»

«እሺ» አልኋት።

ከቅዳሴ በኋላ ከብት የጠፋበት፣ በቅሎ ያገኘ፣ ሰው የሚፈልግ ከዋርካው ሥር ቆሞ ይናገራል፤ የአገራችን ልማድ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንዱ ስለጠፋ በቅሎው ተናገረ። ከዚያ እኔ ወጣሁ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። በሴቶቹ በኩል እሷን አየኋት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። አፌን ከፈትሁ።

«ጊደር ጠፍታብኛለች» አልሁ። «ጥቁር ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት።»

ጊደሪቱ በረት ናት። ደጋግ ጎረቤቶቼ ሁለት ቀን ጫካ ለጫካ ፈለጉልኝ፤ አንዱ እስከ ጥሊሊ መንገድ ድረስ ወረደ። ሚስቴ በረቱን በገለባ ሸፍና ሰወረችልኝ። «ይህን ያህል የሚያስፈራ ምን አለ?» አለችኝ። ሳቅ ነው አልኋት። ሰው ሊስቅብኝ ነው። ለዚያ ነው ሴት የጎዳሁት፣ ለዚያ ነው ጊደር የሰወርሁት።

በሚቀጥለው እሑድ እናገራለሁ አልሁ። ዝናብ ሆነና ሰዉ ቶሎ ገባ፤ ተውሁት። በሦስተኛው፣ ሰኔ ነው፣ ቅዳሴ ሲያልቅ መንጠባጠብ ጀመረ። ሰዉ ጋቢውን ራሱ ላይ እየጣለ ወደ በሩ ይጋፋል። ያን ጊዜ ከዋርካው ሥር ቆሜ ተናገርሁ። ሁሉንም፤ እርጥቡን፣ ሰሙን፣ «ደህና ነበር» ያልሁትን። ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁት፤ ግን ዝናቡ ከእኔ ይጮህ ነበር። ቆመው የሰሙኝ ስድስት ሰባት ሽማግሌዎች፣ ከዛፉ ሥር ሊጠለሉ የገቡ ሁለት ለማኞችና እሷ ናቸው። ሌላው በሩ ላይ ይጋፋ ነበር።

ስጨርስ ወደ እሷ ሄድሁ። ከላይ እስከ ታች ረጥባለች።

«ይኸው ተናገርሁ» አልኋት።

«ተናገሩ» አለች በአማርኛ። «ዝናብ መርጠው።»

«ዝናቡ በድንገት ነው የመጣው።»

ነጠላዋን ጨመቀችና ሄደች። ልጇን ስትድር የክርስትና አባት በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጣኛለች፣ በእጇም አስተናግዳኛለች፤ ክብሬን አላጎደለችም። ግን ያን ነገር ዳግመኛ አላነሣችውም፤ እኔም ለሕዝብ ደግሜ አልተናገርሁትም። ወደ መቃብሯ ስትሄድ እንኳ ከሸኚዎቹ አንዱ፣ «ያቺ ጽዋ የፈረደባት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዝናቡ በድንገት መጣ ያልኋት ውሸት ነው። ያን ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ከቤቴ ወጥቼ ሰማዩን አይቼዋለሁ። ከጥሊሊ በኩል ጥቁር ሆኖ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ዛሬ ይሻላል ብዬ ነው የሄድሁት።